የጎደለው ጠጠር፦ ሙስና እንዴት ይለካል? ምንስ ይቀንሰዋል?



ስለ ሙስና የማያወራ ሰው የለም። ታክሲ ውስጥ ይወራል፣ ካፌ ሰልፍ ላይ ይወራል፣ ዶርም ውስጥም ሻይ ተይዞ ይወራል። ወሬው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት ቦታ አያልፍም። አንዱ «ሁሉም ሌባ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ፣ በተለይ እኛ ጀመዓ ውስጥ፣ «አላህን የሚፈራ ሰው ቢሾም ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» ይላል። ሁለተኛው ንግግር ከመጀመሪያው የተሻለ ነው፤ ግን ሁለቱም የሚዘሉት ጥያቄ አለ። የጠፋው ስንት ነው? በምን ተለካ? ምን ሲደረግ ቀነሰ?

እነዚህን ጥያቄዎች ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ። የመንግሥት አስተዳደርንና የሕዝብ ፖሊሲን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ላለፉት ሃያ ዓመታት ያህል ሙስናን ከሐሜት ወደ መለኪያ ለማምጣት ብዙ ደክመዋል። ችግሩ ግልጽ ነው፤ ሌባ ደረሰኝ አይቆርጥም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የነበረው ዘዴ ሰው መጠየቅ ነበር። በየዓመቱ በዜና የምንሰማው የትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ደረጃ እንኳ ከ1995 ጀምሮ የሚወጣው የባለሙያዎችንና የነጋዴዎችን ግምት በማጠናቀር ነው። ግምት ዋጋ የለውም አልልም፤ ሆኖም ግምት መንገዱ ላይ ያለውን ድንጋይ አይቆጥርም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ የምናጠናው ድንጋዩን ስለቆጠረ አንድ ሥራ ነው። ቤንጃሚን ኦልከን የተባለ ኢኮኖሚስት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሠርቶት በ2007 በጆርናል ኦፍ ፖለቲካል ኢኮኖሚ ላይ አሳተመው። በዘርፉ ብዙ ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ ነው። እኔ የመረጥኩት ግን ኢኮኖሚስቱ ያለ መሐንዲስ አንድ እርምጃ መራመድ ስለማይችል ነው። የሲቪል ልጆች ትንሽ ኩራት ቢጤ ቢሰማችሁ ይፈቀድላችኋል።

ቦታውና ሥራው

ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዓለም ባንክ ብድር የሚካሄድ የወረዳ ልማት ፕሮግራም ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። መንደሮች የሚፈልጉትን ሥራ ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ገንዘቡ ለመንደሩ ይለቀቃል፣ የመንደሩ ሰዎች ኮሚቴ ሆነው ይሠሩታል። ሥራ ተቋራጭ የለም፤ ቁሳቁስ ገዝቶ፣ የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሠራው ኮሚቴው ነው። አብዛኛው መንደር የሚመርጠው መንገድ ነበር። ከታች አሸዋ ይደፋል፣ በላዩ ድንጋይ ይደረደራል፣ ከዚያ ጠጠር ይለብሳል። አስፋልት የለውም። አንዱ ፕሮጀክት በአማካይ ወደ 8,800 የአሜሪካ ዶላር ይፈጃል።

ኦልከን በምሥራቅና በመካከለኛው ጃቫ 608 መንደሮችን ወሰደ። ሥራው ከ2003 እስከ 2004 ቆየ። ጃቫ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም የሆነ ደሴት መሆኗን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንዴት ለኩት?

መንገዱ ተሠርቶ ሲያልቅ የመሐንዲሶችና የቀያሾች ቡድን መጣ። በእያንዳንዱ መንገድ ላይ አሥር ቦታ ቆፈሩ። ጉድጓዱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው። ከየጉድጓዱ አሸዋውን፣ ድንጋዩንና ጠጠሩን ለይተው መጠኑን ያዙ፤ ከዚያ በመንገዱ ርዝመትና ስፋት አባዝተው ጠቅላላ ስንት ቁሳቁስ እንደገባ ገመቱ። ሌላ ቡድን በዚያው ወረዳ ያሉ አቅራቢዎችን እየዞረ የአሸዋና የድንጋይ ዋጋ ጠየቀ። ሦስተኛው ሥራ ደግሞ የመንደሩን ሰዎች «ማን ሠራ? ስንት ቀን? በቀን ስንት ተከፈለ?» እያሉ መጠየቅ ነበር። የሦስቱ ድምር መንገዱ በእርግጥ የፈጀው ገንዘብ ነው። ይህን ኮሚቴው በወረቀት ካቀረበው ሒሳብ ጋር ያነጻጽሩታል። ልዩነቱን ጥናቱ «የጠፋ ወጪ» ይለዋል።

በእኛ አገር አሠራር በምናብ እናስላው። ርዝመቱ 1,000 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ መንገድ አለ። በዲዛይኑ የድንጋዩ ውፍረት 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 450 ሜትር ኩብ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ደረሰኙም 450 ይላል። ሲቆፈር ግን አማካይ ውፍረቱ 11 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። 330 ሜትር ኩብ ማለት ነው። 120 ሜትር ኩብ ድንጋይ በወረቀት ላይ አለ፣ በመሬት ላይ የለም። አንድ ሲኖ 16 ሜትር ኩብ ቢጭን ሰባት ሲኖ ተኩል ድንጋይ አየር ላይ ቀርቷል። በዓይን ብታዩት ግን መንገዱ መንገድ ነው። ያማረ ጠጠር ለብሷል፣ ምረቃው ላይ ሪባን ተቆርጦበታል። አራት ሳንቲ ሜትር ከላይ ሆኖ የሚያይ ዓይን የለም።

እዚህ ላይ ላብራቶሪ የገባ ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ በታማኝነት በተሠራ መንገድስ ቁሳቁስ አይባክንም? አሸዋ ሲራገፍ ይበተናል፣ ድንጋይ ሲጠቀጠቅ ይገባል፣ ዝናብ ያጥባል። ቆፍሮ የሚለካውም ሰው ይሳሳታል። ኦልከን ይህን በግምት አላለፈውም። ሌብነት የሌለበት መሆኑ የተረጋገጠ አጫጭር የሙከራ መንገድ አሠርቶ፣ የገባው ቁሳቁስ በትክክል ተመዝግቦ፣ ከዚያ እንደ ሌሎቹ አስቆፈረው። በዚህ ስንት በተፈጥሮው እንደሚጠፋና ስንት በልኬት ስህተት እንደሚጠፋ ታወቀ። በእኔ አስተያየት የጥናቱ ምርጥ ክፍል ይህ ነው። አንድን ሰው «ሰርቀሃል» ከማለት በፊት ያልሰረቀ ሰው ሒሳብ ምን እንደሚመስል ማወቅ ፍትሕ ነው። እኛ በሐሜት የምንጨርሰውን እሱ መንገድ አሠርቶ መለሰው።

ውጤቱ? በአማካይ ከፕሮጀክቱ ወጪ 24 በመቶ ያህሉ የለም። ከአራት ብር አንዱ ማለት ነው።

ዕጣው

እስካሁን ያለው ልኬት ነው። ጥናቱን ታላቅ ያደረገው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ምን ይቀንሰዋል ለሚለው በመንደሮቹ መካከል ዕጣ ወጣ። ዕጣው ለምን? «ኦዲት የተደረገባቸው መንደሮች ንጹሕ ናቸው» ብንል፣ ምናልባት ድሮም ንጹሕ የሆኑት ናቸው ኦዲተር የማይፈሩት። በዕጣ ሲከፈሉ ግን ሁለቱ ወገኖች በአማካይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነት ከመጣ ያመጣው ኦዲቱ ነው። በሕክምና መድኃኒት የሚፈተነው በዚህ መንገድ ነው።

ቀድሞ አንድ መንደር በመንግሥት ኦዲተር የመታየት ዕድሉ 4 በመቶ ገደማ ነበር። ከመቶ አራት። እንዲህ ያለ ዕድል ማንንም አያስፈራም። ዕጣ የወጣላቸው (ወይ የወጣባቸው) መንደሮች ግን ዲዛይኑ ካለቀና ገንዘቡ ከተመደበ በኋላ፣ ግዢ ሳይጀመር፣ ደብዳቤ ደረሳቸው፦ የማዕከላዊ መንግሥት ኦዲተሮች በእርግጠኝነት ይመጣሉ፣ ውጤቱም በመንደሩ ስብሰባ ላይ በይፋ ይነበባል። ዕጣው በወረዳ ደረጃ ነበር የወጣው፤ ጎረቤት መንደር ለጎረቤቱ ማውራቱ አይቀርምና።

ኦዲት እንደሚመጣ ባልተነገራቸው መንደሮች የጠፋው ወጪ 28 በመቶ ገደማ ሲሆን በተነገራቸው 19 በመቶ ገደማ ሆነ። መንደሮቹ በሌላ በሌላ የሚለያዩበት ሲታረም ቅናሹ ወደ 8 በመቶኛ ነጥብ ነው። ለኦዲቱ የወጣው ገንዘብ ከተገኘው ጥቅም ጋር ሲመዘንም ጥቅሙ በልጦ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ጃቫ ሙስሊምነት ልመለስ። የመንደሮቹ ሰዎች በዕጣ ስለተከፈሉ የሁለቱ ወገን ዲን፣ ሰላት፣ ተቅዋ በአማካይ እኩል ነው። ሰዎቹ አልተቀየሩም፤ የተቀየረው አንድ ደብዳቤ ነው። «ጥሩ ሰው ሹሙ» የሚለው ምክር ትክክል ቢሆንም ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። በቀድሞዎቹ የሙስሊም ከተሞች ገበያ ውስጥ ሙሕተሲብ የሚባል ሹም ነበር፤ ሚዛንና መስፈሪያን የሚመረምር። ነጋዴውን «ታማኝ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሚዛኑን አንስቶ ይፈትሻል። የነጋዴው ሰላት ከሚዛኑ ፍተሻ ነጻ አያወጣውም ነበር።

ስብሰባ የፈታውና ያልፈታው

ሁለተኛው ሙከራ ብዙዎቻችን የምንወደው ነበር። ሕዝቡ ራሱ ይቆጣጠር። ኮሚቴው የገንዘቡን አወጣጥ ለመንደሩ የሚያስረዳበት ስብሰባ በደንቡ አለ፤ ግን የሚመጡት የሹማምንቱ ወዳጆች ናቸው። በዕጣ በተመረጡ መንደሮች በመቶዎች የሚቆጠር የጥሪ ወረቀት ለየቤቱ ተበተነ። በሌሎቹ ደግሞ ከጥሪው ጋር ስም የማይጻፍበት የአስተያየት ቅጽ ተጨመረ፤ ሰው ሞልቶ በታሸገ ሣጥን ይጨምራል፣ ጭማቂው በስብሰባው ላይ ይነበባል።

ተሰብሳቢው ጨመረ። የሚናገረውም ጨመረ። የጠፋው ወጪ ግን በአጠቃላይ ብዙም አልቀነሰም።

ዝርዝሩ ነው የሚያስተምረው። ጥሪው የሠራተኛ ደሞዝ ላይ የሚሰረቀውን ቀንሷል፤ ቁሳቁስ ላይ የሚሰረቀውን ግን አልነካውም። የመንገዱ ትልቁ ወጪ ደግሞ ቁሳቁስ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አምስት ቀን ሠርቶ የሦስት ቀን የተከፈለው ሰው ስብሰባ ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ የራሱ ገንዘብ ነው። የጎደለው ድንጋይ ግን የማን ነው? የሁሉም። የሁሉም ስለሆነ ሁሉም ሌላው እንዲናገር ይጠብቃል፤ ሹሙን ማስቀየም ለራስ ነው፣ ጥቅሙ ግን ለመንደሩ ሁሉ ይከፋፈላል።

መድረሳ የተማርን ልጆች ይህን ለመረዳት የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ አያስፈልገንም። ፈርድ ዐይንና ፈርድ ኪፋያ የሚለውን ክፍፍል በልጅነታችን ተምረነዋል። ፈርድ ዐይን እያንዳንዱ ሰው ራሱ የሚጠየቅበት ነው። ፈርድ ኪፋያ የተወሰኑ ሰዎች ከሠሩት ከሌላው የሚወርድ፣ ማንም ካልሠራው ሁሉም የሚጠየቅበት ነው። ችግሩ እያንዳንዱ «የሆነ ሰው ሠርቶታል» ብሎ ቤቱ ሲገባ ነው። በ450 ሂጅሪያ (1058) ያረፉት የባግዳዱ ቃዲ አል-ማወርዲ፣ አል-አሕካም አስ-ሱልጣኒያ በተባለው ኪታባቸው የተሾመውን ሙሕተሲብና በፈቃዱ የሚያርመውን ሰው ሲያወዳድሩ ከሚያስቀምጧቸው ልዩነቶች የመጀመሪያው ይህ ነው። ለተሾመው ፈርድ ዐይን ነው፤ ለሌላው ፈርድ ኪፋያ። የቁጥጥር ሥራ በስሙ የሚጠየቅበት ሰው ያስፈልገዋል ማለት ነው። የጃቫው ስብሰባ ሥራውን ለሁሉም ሰጠው፤ ኦዲቱ ግን ለተወሰነ ሰው ሰጠው። ሁለቱን ሥራዎች ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ይለያያቸዋል፤ ኦልከን አል-ማወርዲን አንብቧል የሚል እምነት ባይኖረኝም አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተዋል።

ስለ አስተያየት ቅጹ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ቅጹ በሁለት መንገድ ነበር የሚበተነው፤ ይህም በዕጣ ነው። በአንዳንድ መንደሮች በሰፈር ኃላፊዎች እጅ፣ በሌሎቹ በትምህርት ቤት በኩል ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲያደርሱ። በሰፈር ኃላፊዎች የተበተነው ምንም አልፈየደም። በተማሪዎች እጅ የሄደው ግን የጠፋውን ወጪ ቀነሰ። ኃላፊው ቅጹን ለማን እንደሚሰጥ ያውቃላ! ተሳትፎ የሚባለው ነገር ሁሉ፣ ወረቀቱ በማን እጅ ያልፋል በሚል ትንሽ ጥያቄ ሊወድቅ ይችላል። በግቢያችን የመምህራን መገምገሚያ ቅጽ የምትሞሉ ሁሉ ይህን አስቡበት።

ሕዝቡ ምን ያውቅ ነበር?

ኦልከን በ2009 ባሳተመው ሌላ ጽሑፍ እነዚያኑ መንገዶች ይዞ አዲስ ጥያቄ አነሳ። የመንደሩ ሰው «እዚህ ፕሮጀክት ላይ ሌብነት አለ» ሲል ምን ያህል ልክ ነው? የጠፋው ወጪ በቁፋሮ ስለታወቀ ሐሜቱን ከልኬቱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። የሕዝቡ ግምት ጨርሶ ባዶ አልነበረም፤ ግን በጣም ደካማ ነበር። የጠፋው ወጪ በ10 በመቶ ሲጨምር «ሌብነት አለ» የሚለው ሰው የሚጨምረው ከ1 በመቶ ባነሰ ነው።

ለምን? ሰዎቹ ዋጋ ያውቃሉ። አሸዋ ስንት እንደሚሸጥ የማያውቅ የገጠር ሰው የለም፤ ስለዚህ ዋጋ ከተጋነነ ይነቃል። የማያውቁት መጠኑን ነው። መንገዱ ውስጥ ስንት ሜትር ኩብ እንደገባ ማን ያያል? ኮሚቴዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ አብዛኛው ስርቆት የተደበቀው መጠን ላይ ነበር። እውነተኛ ዋጋ በሐሰተኛ መጠን ይባዛል። ቢኦኪው ላይ ነጠላ ዋጋን ብቻ እያዩ «ይህስ ደህና ነው» የሚሉ ሰዎች ምን እንደሚያልፋቸው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ኦዲት መድኃኒት ነው ወይ?

አይደለም፣ ወይም ሙሉ መድኃኒት አይደለም። ኦዲቱ መቶ በመቶ እንደሚመጣ እየታወቀ 19 በመቶ ጠፍቷል። ሰው እርግጠኛ ምርመራ እያየ ለምን ይሰርቃል? አንዱ መልስ ኦዲተሮቹ የሚያገኙት በአብዛኛው የአሠራር ጉድለት መሆኑ ነው። ደረሰኝ የለም፣ ጨረታው በደንቡ አልወጣም፣ ፊርማ ጎድሏል። እነዚህ ጥፋቶች ናቸው፤ ግን ሰውን ለፍርድ አያበቁም። ወረቀቱን ያሟላ ሌባ ወረቀቱን ካላሟላ ታማኝ የተሻለ ሆኖ ይታያል። የመንግሥት ኦዲተሮቹ እንደ ጥናቱ መሐንዲሶች አሥር ጉድጓድ ቢቆፍሩ ኖሮ ቁጥሩ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ሳስብ እገረማለሁ።

ሌላም አለ። ኦዲት በመጣባቸው መንደሮች የኮሚቴ አባላትና የሹማምንቱ ዘመዶች በፕሮጀክቱ ላይ ተቀጥረው የመሥራታቸው ነገር ጨመረ። ገንዘቡ በሐሰተኛ ደረሰኝ መውጣት ሲከብደው በዘመድ ደሞዝ በኩል ወጣ ማለት ነው። የወንድምን ልጅ መቅጠር ደረሰኙ ንጹሕ ነው፤ ሠርቷል፣ ተከፍሎታል። ኦዲተር ምን ይለዋል? አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን ውኃው ሌላ ይፈልጋል፤ ይህን የሃይድሮሊክስ መምህር ሳይነግረን እናውቀዋለን።

ከጃቫ ውጭ

አንድ ጥናት የአንድ ቦታ ነገር ነው የሚል ካለ ትክክል ነው። ስለዚህ ባጭሩ ሌሎችን ላንሳ።

ብራዚል ከ2003 ጀምሮ የሚመረመሩ ከተማ አስተዳደሮችን በአደባባይ ዕጣ ታወጣ ነበር፤ ያውም ከብሔራዊ ሎተሪው ጋር። ፌራዝና ፊናን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 እንዳሳዩት፣ የኦዲት ውጤታቸው ከ2004 ምርጫ በፊት ይፋ የወጣባቸው ሙሰኛ ከንቲባዎች እንደገና የመመረጥ ዕድላቸው ቀነሰ። የአካባቢ ሬዲዮ ባለበት ደግሞ ይበልጥ ቀነሰ። እነሱው ከአቪስ ጋር ሆነው በ2018 ባሳተሙት ደግሞ፣ አንድ ጊዜ የተመረመረ አስተዳደር በቀጣዩ ጊዜ ሙስናው በ8 በመቶ እንደሚቀንስ አገኙ።

ዩጋንዳ ውስጥ ሬኒካና ስቬንሰን ከ1991 እስከ 1995 ድረስ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ የላከውን ድጎማ ተከታተሉ። ትምህርት ቤቶቹ እጅ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ነበር። መንግሥት የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ከጀመረ በኋላ፣ በ2001 ከ80 በመቶ በላይ መድረስ ጀመረ። ይህ ታሪክ በየስልጠናው ይነገራል። ሆኖም በዚያው ጊዜ ሌሎች ማሻሻያዎችም ስለነበሩ ለውጡን ሁሉ ለጋዜጣው መስጠት አይቻልም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔም ወደ እነሱ አደላለሁ።

እዚያው ዩጋንዳ ከጤና ዘርፍ የመጣው ደግሞ የዘርፉን ሰዎች በደንብ ያናጋ ነው። በ2009 የታተመ ጥናት በ50 መንደሮች ነዋሪዎችና የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ተቀምጠው እየተገማገሙ እንዲሠሩ ሲደረግ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በሦስተኛ ያህል መቀነሱን አስታወቀ። ድንቅ ነው፤ ብዙ ድርጅት ያዘው። ከዓመታት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ተመሳሳዩን ሥራ በ376 ጤና ጣቢያዎች ደገሙት። የሕክምናው ጥራት መጠነኛ መሻሻል አሳየ፤ የሕፃናት ሞት ላይ ግን ለውጥ አልተገኘም። ያማረ ውጤት ያለው ትንሽ ጥናት ስትሰሙ ሲደገም ምን ሆነ ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ እኛው ስንመጣ

በ2003 ዓ.ም. ገደማ (በእኛ አቆጣጠር) የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ ዩራፕ የምንለው፣ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የታሰበ ነው። በአነስተኛ ሥራ ተቋራጮች የሚሠራ የጠጠር መንገድ፣ በወረዳ ደረጃ ቁጥጥር። ከጃቫው ጋር መመሳሰሉን አያችሁ። የእኛን ቁጥር ግን ከጃቫ ቁጥር ገልብጦ «እኛም ጋ 24 በመቶ ነው» ማለት ሐሜት ነው፤ ቆፍሮ ለክቶ ማየት ያስፈልጋል። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ የሲቪል ተማሪ ካለ፣ አካፋና ሜትር ብቻ የሚፈልግ ርዕስ ይኸውና።

ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ከእኛ ብዙዎቹ ሳይት ላይ የሚቆሙ ሰዎች ይሆናሉ። ገረጋንቲው ተደፍቶ ሳይለካ ቀጣዩ ንብርብር ይመጣበታል፤ ያለፈውን ውፍረት ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም። የክፍያ ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው መጠን እውነት ነው የሚለው ፊርማ የእናንተ ነው። የመንደሩ ሰው ዋጋ ያውቃል፣ ኦዲተሩ ደረሰኝ ያውቃል፤ መጠኑን የሚያውቀው መሐንዲሱ ብቻ ነው። ጃቫ ላይ የጠፋው ገንዘብ የተደበቀው ልክ በዚህ ክፍተት ውስጥ ነበር።

ጀመዓችንም ከዚህ ውጭ አይደለም። የረመዳን ኢፍጣር ሲዘጋጅ ገንዘብ እንሰበስባለን፣ ሩዝ፣ ዘይትና ተምር እንገዛለን፣ መጨረሻ ላይ ሒሳብ ይነበባል፣ «ጀዛኩሙላሁ ኸይረን» ብለን እንበተናለን። ሒሳብ ማንበብ የጃቫው ስብሰባ ነው። «አሥር ኩንታል ሩዝ» የሚል ደረሰኝ ማየት አንድ ነገር ነው፤ ዕቃ ቤት ገብቶ ኩንታሉን መቁጠር ሌላ ነው። ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች ቀድመው በስም ተሰይመው፣ ዕቃው ሲገባ ቆጥረው ቢፈርሙ፣ በኮሚቴው ላይ ጥርጣሬ አይደለም፤ እንዲያውም ኮሚቴው በሐሜት እንዳይነካ የሚከላከለው ይኸው ቆጠራ ነው። የአስተያየት ሣጥኑንም ቁልፍ ኮሚቴው ባይዘው ጥሩ ነው።

ለሚቀጥለው የጥናት ክበብ ይህን ሠርታችሁ ኑ። ርዝመቱ 1,200 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ መንገድ አለ። ደረሰኙ 567 ሜትር ኩብ ድንጋይ ገብቷል ይላል። አሥር ጉድጓድ ተቆፍሮ አማካይ ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በታማኝነት በተሠራው የሙከራ መንገድ ላይ ከገባው ድንጋይ 5 በመቶው በተፈጥሮው እንደሚጠፋ ታውቋል። በእርግጥ የጎደለው ስንት ሜትር ኩብ ነው? ከደረሰኙስ ስንት በመቶ ይሆናል? ካልኩሌተር ለሌላቸው ሁለተኛ ጥያቄ አለ፦ አሥሩ ጉድጓዶች የተቆፈሩት የኮሚቴው ሰብሳቢ «እዚህ ቆፍሩ» ብሎ ባሳየው ቦታ ቢሆን፣ መልሳችሁን የት ታደርሱታላችሁ?